በልኩ የተሰፋ ገንዳ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ተድራ ከከተማችን አዳዲስ ሆቴሎች ወደ አንዱ ተጠርቼ ሄድኩ። ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱት ከዋና ገንዳው ዳር ነው ተባለና ሁላችንም ተግተልትለን ወደ ጓሮ ወጣን። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጫጭ ወንበሮች፣ ቬሎዋ እንዳይረጥብ ሚዜዎቿ ጫፉን ይዘውላት በጥንቃቄ የምትራመድ ሙሽራ። ሌላው ሰው እሷን ሲያይ እኔ አየሩን አሸትት ነበር። ያ በረኪና በረኪና የሚል፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ የውሃ መድኃኒት ሽታ! አጠገቤ የቆመች አንዲት ልጅ "እማማ፣ እንዲህ ያለ ገንዳ አይተው ያውቃሉ?" ብላ ስትጠይቀኝ ሳቄ መጣ። "እኔ ጓሮ ነበረ" አልኳት። እርጅናው ነው መሰለኝ ያለችው፣ እጄን ይዛ ቀስ አድርጋ ጥላ ያለበት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። አልፈረድኩባትም። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ያውም የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት በዚያ ዘመን፣ ከአንድ የጭቃ ቤት ጀርባ ዋና ገንዳ ነበረ ቢባል ማን ያምናል?

ዘመኑ ሞባይል ገና ያልገባበት፣ ሩቅ አገር ለመደወል ስልክ ቤት ሄደን ስማችን እስኪጠራ አግዳሚ ወንበር ላይ የምንሰለፍበት ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ፣ ሐጂ ሰዒድ ከሚባሉት ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ሐጂ ጨርቁን ከውስጥ ይሸጣሉ፣ እኔ ከውጭ እሰፋለሁ። ቴትሮን፣ ፖፕሊን፣ ለሴት ልጆች ሽንሽን ጉርድ፣ ለተማሪ ሰማያዊ ሹራብ የሚደረብበት ሸሚዝ። ገበሬው ለገበያ ሲመጣ አረንጓዴ ቁምጣና ኮት ያዘኛል፤ ጠዋት ተለክቶ በሬውን ሸጦ ሲመለስ ለብሶት ይሄዳል። ቁምጣ ለመስፋት አምስት ብር እቀበል ነበር፤ ኪስ ካበዛብኝ ስድስት። ፊት ለፊታችን የካሴት መሸጫ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ክራር፣ ከሰዓት በኋላ እስክስታ ትለቃለች። እግሬ የመኪናውን መርገጫ የሚመታው በዘፈኑ ልክ ስለነበር ከሰዓት በኋላ የተሰፋ ልብስ ስፌቱ ይፈጥናል እያሉ ሐጂ ይቀልዱብኛል። ዛሬ በዚያ በረንዳ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። ልብሱም ተሰፍቶ ይመጣል፤ የሰው ልክ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ሦስት ብቻ ሆኗል። ሰው ሁሉ ወይ እጅጌው ረዝሞበት ወይ ትከሻው ጠቦት ሲሄድ ሳይ አሁንም እጄን ይበላኛል።

ባለቤቴ ይስማው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ በበጋም ቢሆን የቆዳ ጃኬቱን የማያወልቅ፣ ለመላጨት እንኳ በመኪናው መስታወት ካልሆነ የማያምንበት ሰው። አንድ ቀን ቁይ ከምትባለው ከተማ እህል ጭኖ ሊመለስ ሲል ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመድ ሲያጠብቅ ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ የተኛበትን ጊዜ አልቆጥረውም፤ ብቻ ሲወጣ በሁለት ክራንች ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የሚናገረውን አያድበሰብስም። "አጥንቱ ገጥሟል" አለን። "አሁን የሚያስፈራው መገጣጠሚያው ነው። ካልተንቀሳቀሰ እንዲሁ ይደርቃል። መሬት ላይ ደግሞ ክብደቱን አይችልም። ውሃ ውስጥ ይራመድ፤ ውሃ ሰውን ያቀልላል።" እኔ ቶሎ ብዬ "እስከ መቼ?" አልኩት። "ዓመት ሳይሞላው ክራንቹን ካልጣለ፣ አይጥለውም" አለኝ። ይስማው ሰማ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ይኸን ቃል ሁለታችንም ደግመን አላነሣነውም፤ ግን ከመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም።

ጣና ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተን ዐሥር ቀን ቆየን። በየቀኑ ረፋድ ላይ እጄን ትከሻው ስር አድርጌ ወደ ውሃው አስገባዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ክራንቹን ዳር ትቶ፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ደርሶለት፣ ዐሥራ አንድ ርምጃ ተራመደ። እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ፊቱን በውሃ እየታጠበ እንባውን የደበቀኝ መስሎት ነበር። ከዚያ በላይ መቆየት ግን አልቻልንም፤ እንጀራችን የእኔ የስፌት መኪና ነበረችና ወደ ማርቆስ ተመለስን። ቤት ገብቶ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ መቀመጥ ጀመረ። መንገዱ ከቤታችን አይታይም፤ እሱ ግን የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ ያውቀዋል። "ይቺ የእገሌ ናት፣ ማርሽ አበላሽቷል" ይላል። ይኸን ሲል መስማት ከምንም በላይ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል "ሜትርሽን አምጭው እስቲ" አለኝ። ሱሪ አምሮት መሰለኝና ደስ አለኝ። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። "ከእግሬ እስከ ደረቴ ለኪኝ።" ለካሁት። መቶ ሠላሳ አንድ። "እስከ ጉልበቴ።" ለካሁ። "እጀን ስዘረጋ።" ይኸ ምን ዓይነት ሱሪ ነው እያልኩ ለካሁ።

"በይ እንግዲህ፣ ጥልቀቱ መቶ ሠላሳ አንድ ይሁን" አለ።

"የምኑ?"

"የገንዳው። ጣናን ማምጣት ባልችል እንኳ ለኔ የምትበቃ ቁራጭ ጓሮ አስገባለሁ።"

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጓሮው የኔ ነበር። ጎመኔ፣ ጌሾዬ፣ እናቴ ከመሞቷ በፊት በእጇ የተከለችው የኮክ ዛፍ። አበድክ ወይ አልኩት። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በዚህ ብርድ፣ ሰው እግሩን ለመታጠብ ውሃ በሚያሞቅበት አገር! ከጮኬ ተራራ የሚነፍሰው ነፋስ በአጥራችን ውስጥ የሚያልፍ እስኪመስል ይበርዳል እኮ። እሱ አስጨረሰኝና "ጣና ላይ ስንት ርምጃ ሄድሁ?" አለ። "ዐሥራ አንድ።" "እዚህ ከመጣን ወዲህስ?" በማግስቱ ጌሾውን በገዛ እጄ ነቀልኩት። ኮኩን ግን አላስነካሁም፤ ገንዳው ነው በእሱ ምክንያት ወደ አጥሩ የተጠጋው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ቤታችን የስፌት ቤት ሆነ። ካርቶን ቆርጬ እንደማንኛውም ልብስ ንድፍ አወጣሁለት። ጉልበቱን ስንት ጣት ከፍ ማድረግ እንደሚችል አየሁና የደረጃውን ከፍታ በዚያ ልክ አደረግሁ። በግራና በቀኝ የሚይዘው ብረት ከክንዱ በታች መዋል ስላለበት ወርዱን አጠበብኩት። መዞሪያው ላይ ዳሌው እንዳይጣመም ማዕዘኖቹን ክብ አድርጌ ሰፋኋቸው። ሰፋኋቸው ማለቴ ሣልኳቸው ማለቴ ነው፤ ግን እጄ የሚያውቀው መስፋት ነበርና እንዲያ ነው የተሰማኝ። ለሰርጋችን የሰፋሁለትን ሱፍ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅሁለትም።

የሚሠራውን ሰው ሐጂ ሰዒድ ጠቆሙን። አያ ሙላት ይባላሉ፣ የአምበር ሰው ናቸው። በዚያ አገር የእህል ጉድጓድ በመቆፈር የሚታወቁ፣ ኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲሠራ ሲሚንቶ የለመዱ ሽማግሌ። ጤፍና ስንዴ ለዓመታት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳይነቅዝ የሚወጣው በእሳቸው እጅ ነው ይባል ነበር። መጥተው የካርቶን ንድፌን አገላብጠው አዩት።

"እንዲህ ያለ ሠርተው ያውቃሉ?" አለ ይስማው።

"ጉድጓድ አይደለም?"

"ነው።"

"እንግዲያ ምኑ ነው የሚያስቸግር? ጉድጓድ ስቆፍር አይደል እንዴ ያረጀሁ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጣታቸውን አነሡ። "ብቻ ልጀ፣ የጉድጓድ ጠላቱ ውሃ ነው። እኔ ከቆፈርሁ ከውጭ ጠብታ አይገባበትም።"

"አያ ሙላት፣ ይኸኛው እኮ ውሃ ነው የሚቀመጥበት" አልኳቸው።

"ከውስጥ ያሻችሁን ቅዱበት። እኔ የምለው ከውጭ ነው" አሉ። ሳቅን። ያን ጊዜ ሳቅን።

መጋቢትና ሚያዝያ ቁፋሮ ሆነ። ጥቁሩ መረሬ አፈር አልቆ ጠጠሩ እስኪመጣ ድረስ ወረዱ። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ መላ ይመታል። አንዷ "አስካል፣ ሽንት ቤቱን ለስንት ሰው ነው የምታሠሩት?" ብላ በቅንነት ጠየቀችኝ። ሲሚንቶ ኩንታሉ ስልሳ ብር ገባ ተብሎ ጉድ የሚባልበት ጊዜ ነበር። አርማታ ደግሞ ጎኑና ወለሉ አንድ እንዲሆን በአንድ ቀን ተሞልቶ ማለቅ አለበት አሉ አያ ሙላት። ስለዚህ ልክ ለአጨዳ እንደሚደረገው ደቦ ጠራን። ሰፈሩ ወጣ። ወንዶቹ ያቦካሉ፣ ሴቶቹ በጣሳና በቆርቆሮ እየተቀባበሉ ያቀብላሉ፣ እኔ የባቄላ ንፍሮና ጠላ ይዤ በመካከል እሯሯጣለሁ። ሐጂ ሰዒድ ጠላ ስለማይጠጡ ሻይ አፈላሁላቸው፤ ኮፍያቸው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ይዘው ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ ደንበኛ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። አርማታው ሲደርቅ አያ ሙላት ውስጡን በሲሚንቶ ለስነው፣ ለስላሳ ድንጋይ ይዘው ተንበርክከው አሹት። የእህል ጉድጓድ ግድግዳ የሚያለሰልሱት እንዲያ ነው። ሲጨርሱ ፊት ያሳይ ነበር።

ቧንቧው በመጣ ቁጥር በጎማ፣ ባልመጣ ጊዜ ከጓሮ የውሃ ጉድጓዳችን በባልዲ እየቀዳን ለመሙላት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሐጂ ጥቁር ላስቲክ ሰጡን፤ ቀን ቀን ውሃውን አልብሰነው ፀሐዩን ሲስብ ይውላል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ስንገልጠው ለብ ብሎ ይጠብቀናል። እንዳይሸትም በረኪና ጠብ እናደርግበት ነበር። የሚገባበት ልብስ ደግሞ የት አባቱ ይገኛል? አረንጓዴ ቁምጣ ሰፋሁለት። "እንግዲህ ገበሬ ሆንሁልሽ" አለኝ። እኔም አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ አብሬው ገባሁ፤ በሕይወቴ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እሱ ይስቅብኛል። ብረቱን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ብረቱን ለቀቀ። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲጋመስ ከውሃው ሲወጣ አንዱን ክራንች ለእኔ ሰጥቶኝ በአንዱ ብቻ ወደ ቤት ይገባ ጀመር። ያን ሰሞን እንቅልፌ እንደ ልጅነቴ ነበር፤ ራሴን ትራስ ላይ ከማስደገፌ ይወስደኝ ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አያ ሙላት ሳይጠሩ መጡ። "ክረምት ሳይጠና ባዶ እናድርገው" አሉ። ለእሳቸው ይኸ ምንም ጥያቄ የለውም፤ ክረምት ሲመጣ ጉድጓድ የሚጠበቀው ደርቆ፣ ተጠርጎና አፉ ተደፍኖ ነው። እኛም ብንሆን ሌላ ነገር አልታሰበንም። ማን ያስባል? ሁላችንም የጉድጓድ አገር ሰዎች ነን። በዝናብና በብርድ መግባትም አይቻልም ነበርና እስከ መስከረም ይረፍ ብለን ተስማማን። ውሃውን ቀድተን አወጣን፣ አደረቅነው፣ ላስቲኩን አለበስነው፣ ዳር ዳሩን በአፈር ደፈንነው። አያ ሙላት በጥሩ ሁኔታ የተቀበረ እህል እንዳዩ ሁሉ ረክተው ሄዱ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ቁልፍ ስተክል ከጓሮ ወፍራም እንጨት እንደሚሰነጠቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ያየሁትን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ። ገንዳው ከመሬት ተነሥቷል። ከንፈሩ ከሣሩ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንደኛው ጎኑ ደግሞ ከዚያም ብሶ፣ ያንን ሁሉ አርማታ ተሸክሞ ቆሟል። ጎረቤት ተሰበሰበ። "መሬቱ ተፋው" አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። ይስማው በመስኮት አየው። ወደ አልጋው ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማታ እራት ሳቀርብለት "አበቃ" ብቻ አለኝ። በማግስቱ ለሽንት ሲወጣ በሁለቱም ክራንች ነበር። ሐኪሙ የሰጠን ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ቀርቶታል። ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ በእግዜርም ሳልቀየም አልቀረሁም።

ወደ አምበር በሚሄድ አውቶቡስ መልእክት ልኬ አያ ሙላትን ስጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ልብስ ላጥብ ወጣሁ። የጣሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል እስከ አፉ ሞልቷል። ሳፋዬን ባዶውን በርሜሉ ላይ ጣል አደረግሁት፤ ተንሳፈፈ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በእጄ ወደ ታች ገፋሁት። መልሶ ገፋኝ። በጣሳ ውሃ ጨመርኩበት፤ ዝቅ አለ። ጨመርኩበት፤ ሰመጠ። ልብሱን ጥዬ ወደ ጓሮ ጉድጓዳችን ሮጥኩ። በበጋ ስድስት ክንድ ገመድ የሚፈልገው ውሃ፣ ጎንበስ ብዬ በእጄ ስዘግን ደረስኩበት። መሬቱ ውስጡ ሁሉ ውሃ ሆኗል፤ እኛ ባዶ ሳፋ ነው የቀበርንበት።

አያ ሙላት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ደረሱ። ገንዳውን አዩት፣ ኮኩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ግንባራቸው ድረስ ሳቡት። ስለ ሳፋውና ስለ ጉድጓዱ ነገርኳቸው። ተነሥተው ሄደው ውሃውን በእጃቸው ዘግነው አዩት።

"ባዶ ማድረግ አልነበረብነም" አሉ።

"አልነበረብንም አያ ሙላት። ሁላችንም ነን ያደረግነው።"

"የለም ልጀ፣ እኔ ነኝ። እናንተማ እኔን አምናችሁ ነው።" እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና "አሁን ምን ይደረግ ትያለሽ?" አሉ።

"ወለሉን ይብሱት። ውሃው ይግባ።"

ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ሕይወታቸውን ሙሉ ውሃ ከጉድጓድ ሲያርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። "በዚች እጀ?" አሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ላስቲኩን ገልጠው፣ መሮና መዶሻ ይዘው ወረዱ። ወለሉን መሐሉ ላይ ደጋግመው ሲመቱ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠና ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሥቶ ደረታቸውን መታው። ለይስማው ጉልበት ብዬ ዝቅ ባደረግሁት ደረጃ በአራት እግራቸው ወጡ። ውሃው ራሱን እየሞላ ከፍ፣ ከፍ አለ። አርማታው አቃሰተ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ሣሩ ወደ ከንፈሩ ሲቀርብ በግልጽ አየሁ። ቀስ እያለ፣ እያጉረመረመ፣ እንደ ሽማግሌ ወደ መቀመጫው ወረደ። አያ ሙላት አማተቡ። ቀጥሎም ቁምጣቸው እየተንጠባጠበ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔም ጋቢያቸውን አቅፌ እንደ እብድ አለቀስኩ።

አንደኛው ማዕዘን አራት ጣት ከፍ እንዳለ ቀረ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ውሃ ሲሞላ በአንዱ ጎን ይፈስ ስለነበር የሰፈሩ ልጆች ዋና ሲለማመዱበት በዚያ ጎን ነበር የሚንሸራተቱት። የወለሉን ቀዳዳ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት እንደፍነው ነበር፤ ሰኔ በገባ ቁጥር ማንም ሳያስታውሰኝ እነቅለዋለሁ። አሁን ችግኝ የማጠጣበት ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኗል። በስፌት ሕይወቴ ልክ ያሳትኩት ልብስ ጥቂት ነው፤ ይኸኛው ግን ትንሽ ቢንሻፈፍም ለተሰፋለት ሰው ሆኖታል።

ያን ቀን ግን ገና ከአያ ሙላት ጋር ቆመን ውሃው የት ላይ እንደሚቆም ስናይ፣ ከኋላዬ "ወረደ እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ይስማው ነው። የአያ ሙላትን ሳቅና የእኔን ልቅሶ ሰምቶ ከአልጋው ተነሥቷል። ከበሩ እስከ እኛ ድረስ ሃያ ርምጃ ይሆናል፤ ዝናብ ያረጠበውን ሣር ረግጦ መጥቶ አጠገባችን ቆሟል። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ናቸው። አንዱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ገንዳው ውስጥ ያያል። አያ ሙላት አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝ አደረግኋቸው። እንዲያስታውስ አልፈለግሁም። ካስታወሰ የሚወድቅ መሰለኝ።

"ምን ሆናችሁ ታፈጣላችሁ?" አለ።

"ምንም። ወረደ እያልን ነው" አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ቆመን ስናይ ቆየን። እሱ ስለ ማዕዘኑ መጣመም ለአያ ሙላት እያወራ፣ እሳቸው "እሽ፣ እሽ" እያሉ፣ እኔ ደግሞ እስትንፋሴን ይዤ። ዝናቡ መልሶ ማካፋት ሲጀምር ወደ ቤት ዞርን። እሱ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እኔ አንድ ርምጃ ከኋላው። ደጃፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ግራ እጁ አየ፣ ወደ ቀኝ እጁ አየ።

"አስካል፣ ክራንቹ የት አለ?"

"አልጋው ጋ" አልኩት። "ላምጣልህ?"

በሩን አየው። እግሩን አየው።

"ተይው" አለኝ። "ደርሻለሁ።"